ለልጄ ችፌ ራሴ ቅባት ብሠራለትስ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቆዳው ደረቅ ነው። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን የክርኑ እጥፋት፣ ከጉልበቱ በስተኋላ እና አንገቱ ላይ ይሻክራል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ውሃ ያዣል። ሌሊት ሲያክ ያድራል፤ እኔም አብሬው ስነቃ አድራለሁ። ሐኪም ዘንድ ስወስደው «ችፌ ነው» ተባለና ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል ክሬም ታዘዘለት። ጥቂት ቀን ስቀባው ደህና ሆነ። ክሬሙ ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ የቆዳ ቁጣ ከሚያበርዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ «ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ ልጅ ያቀጭጫል» የሚል አነበብኩና ደንግጬ ተውኩት። ሲመለስ ከበፊቱ ባሰ።

የውጭ ክሬም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ አይቼ ራሴ ሠራሁለት። የኮኮናት ዘይት፣ ማር፣ ከግቢያችን የቆረጥኩት እሬት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እና ጥቂት ጠብታ የላቬንደር ዘይት ነበረበት። የቀባሁት ዕለት ማታ «አቃጠለኝ» እያለ አለቀሰ። የተረፈው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሻገተ። ባለቤቴ «ልጁን መሞከሪያ አደረግሽው» አለኝ። ያ ቃል እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

አማቴ ደግሞ ከሰላሌ ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተዋል። «እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው በቅቤ ነው፤ እናንተ በኬሚካል ትፈጇቸዋላችሁ» ይላሉ። ሥራ ስውል ልጁን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ላስቀይማቸው አልፈልግም። ግን ቅቤ በተቀባ ቁጥር ማሳከኩ የሚብስበት ይመስለኛል።

አሁንም ራሴ ብሠራለት ደስ ይለኛል። ቢያንስ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የትኛውን ልጠቀም? የትኛውን ልተው? አማቴንስ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ግራ የገባት እናት

መልስ

እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ከሁሉ በፊት ስለዚያ ቃል ልናገር። ልጅሽን መሞከሪያ አላደረግሽውም። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ልጅ እያየሽ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥ አልሆነልሽም፤ ይኸው ነው። ባለቤትሽም ቢሆን የተናገረው ከድንጋጤ ይመስለኛል። ልጁ ሲያለቅስ እሱም ሰምቷል። ነገሩ ውስጥሽ እየተብላላ ከሚቆይ፣ አንድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ «ያን ዕለት ያልከኝ አሞኛል» ብለሽ በቀስታ ብትነግሪውስ? ቀጥለሽ አንድ ሥራ ስጪው። ለምሳሌ የማታውን ገላ ማጠብና መቀባት እሱ ይያዘው። ችፌ የረጅም ጊዜ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም።

ራስሽ መሥራት የፈለግሽበትን ምክንያት አከብራለሁ። ገበያ ላይ ጽሑፉ የማይነበብ፣ አንዳንዱም ኃይለኛ ስቴሮይድ ተደብቆ የተቀላቀለበት «ቆዳ የሚያጠራ» ክሬም እየተሸጠ፣ ውስጡን ማወቅ መፈለግሽ ትክክል ነው። ብቻ ይህን ያዢልኝ፦ ለችፌ በሚሠራ ቅባት ላይ ትልቁ ሙያ መተው ነው። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ለልጁ ይሻለዋል።

ለምን መሰለሽ? ችፌ ያለበት ቆዳ ጭቃው እንደረገፈ ግድግዳ ነው። እርጥበቱ ከውስጥ ይወጣል። ከውጭ ደግሞ ሳሙናው፣ አቧራው፣ ጀርሙ ይገባል። አንዳንዶቹ ልጆች ፊላግሪን የሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ከመወለዳቸው ጀምሮ ያንሳቸዋል፤ ይህ በዘር የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ አየር አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅና ብርዳማ ነው። ልጅሽ ጥቅምት ላይ የባሰበት አንቺ ያጠፋሽው ነገር ስላለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ግን ጤነኛ ቆዳ ላይ እንደሚቀባው አይደለም፤ ጠልቆ ይገባል። አንቺ ክንድሽ ላይ ሞክረሽው ምንም ያልሆንሽበት ነገር እሱን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

አሁን ያንቺን ማሰሮ እንየው። መጀመሪያ የሚወጣው ላቬንደሩ ነው። ሽታ ያላቸው የዕፅዋት ዘይቶች በሙሉ፣ ላቬንደርም ይሁን ቲ ትሪ፣ የሎሚም ይሁን የባህር ዛፍ፣ ከተፈጥሮ መምጣታቸው ለስላሳ አያደርጋቸውም። ቆዳ ላይ አለርጂ ከሚያስነሱት ነገሮች ዋነኞቹ መዓዛዎች ናቸው። አንዴ ሰውነት ከተቆጣባቸው ደግሞ ቁጣው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የ3 ዓመት ልጅ ላይ ይህን ዕዳ ማምጣት አያስፈልግም። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም እንዲሁ ነው። የሚስማማው ሰው አለ፤ ቆዳው ተቆጥቶ ውሃ የሚቋጥርበትም አለ። ለታመመ ቆዳ ይቅር።

ማር ቁስል ላይ ይሠራል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት ጀርም እንዳይኖርበት ተደርጎ የተዘጋጀውን ነው። ከገበያ የገዛነው ማር የአበባ ዱቄትም፣ ንቦቹ ቀፏቸውን የሚለስኑበት ሙጫም ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱም ቆዳ ሊያስቆጡ የሚችሉ ናቸው። እሬቱ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል አይደል? እሱ ያቃጥላል። መሐሉ ያለው ጥርት ያለው ክፍል ደግሞ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ሻጋታው የመጣብሽ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ቅባት በብዛት የሚበላሸው በዚህ ነው። ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ፣ የእሬት ጭማቂም፣ ጽጌረዳ ውሃም፣ ወተትም፣ የተቀቀለ ቅጠል ውሃም፣ ጀርም ያራባል። ሻጋታው የሚታየው ክፍል ነው፤ ባክቴሪያው ግን ሳይታይ፣ ሳይሸት ከሻጋታው በፊት ሊሞላው ይችላል። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ያንን መቀባት ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። «ቫይታሚን ኢ ጨምሪበት፣ አይበላሽም» የሚሉሽም ይኖራሉ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይቆመጥጥ ያዘገየዋል እንጂ ጀርም አይገድልም። ፋብሪካዎች መከላከያ ኬሚካል የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያም በልክ ሲሆን ከጀርሙ ይሻላል። ቤት ውስጥ መጠኑን መለካት ስለሚያስቸግር፣ ያንቺ ቅባት ጨርሶ ውሃ የሌለበት ይሁን። የተረፈውንም ማሰሮ ዛሬውኑ ድፊው።

ከአምስቱ ላስቀር ብል የማስቀረው የኮኮናት ዘይቱን ብቻ ነው። ብዙ ልጆች ይስማማቸዋል፤ ጥቂቶችን ያቃጥላል። እንደ ወይራ ዘይት ያለውን ግን አልመክርሽም። ብዙ እናቶች ለሕፃን የሚመርጡት እሱን ስለሆነ ሲሰሙ ይገረማሉ። እንግሊዝ አገር በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳውን መከላከያ እንደሚያዳክም፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን እንደማያዳክም አሳይቷል። የለውዝና የሰሊጥ ዘይትንም ከቁስሉ አርቂ። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት በተቆጣ ቆዳቸው ላይ የለውዝ ዘይት ያለበት ክሬም የተቀቡ ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ በብዛት እንደታየ ጽፏል። ሰውነት ምግብን መጀመሪያ በአፍ ሳይሆን በተሰነጠቀ ቆዳ ሲያገኘው እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል።

እንግዲህ ምን ይቀራል? ብትሰሚኝ ለመነሻው ምንም አትሥሪ። ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ግዢ። ውሃ የለበትም፣ አይሻግትም፣ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ እርጥበት በመያዝ የሚስተካከለውም የለም። ስትገዢ ግን ክዳኑን ከፍተሽ አሽትቺ። «ለሕፃን» የሚል ስለተጻፈበት ሽቶ የለውም ማለት አይደለም። መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ እናቶች አዘውትረው የሚያነሱት ሌላው ነገር ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን ጥሩ ነገር ነው፤ ሳይበጠበጥ ቁስል ላይ ሲቀባ ግን ያቃጥላል፤ ከቅባት ጋርም በማንኪያ በማማሰል ብቻ አይዋሃድም። ስለዚህ አሁን ይቆይ።

ዋናው መጠኑ ነው። ችፌ ላለበት ልጅ ሐኪሞች የሚመክሩት የማለስለሻ ቅባት በሳምንት ወደ 250 ግራም ይደርሳል። ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ያቺ በቪዲዮ የምትታየው ቆንጆ ማሰሮ ሁለትና ሦስት ቀን አትቆይም። በጣት ጫፍ እየቆነጠሩ ውድ ክሬም ከመቀባት፣ ርካሽ ቫዝሊን ጠዋትና ማታ እንደ ልብ መቀባት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ማታ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ታጥቦ፣ በፎጣ ሳይፈተግ ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። ሳሙና ብብቱና እግሩ ላይ ብቻ ቢበቃው ይመረጣል፤ ጀርም ገዳይ የሚባለው ሳሙና ጨርሶ ይቅር። የሱፍ ሹራብ ሥር ጥጥ ልብስ ይልበስ፤ ጥፍሩ ይቆረጥ።

በዚህ ሁለት ሳምንት ሄዶ ቆዳው ከተረጋጋ በኋላ ያንቺን መሥራት ትችያለሽ። ሁለት ነገር ብቻ ይኑረው፦ 70 ግራም የተጣራ ሺያ በተር (ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ጠጣር ቅባት) እና 30 ግራም የተጣራ የሱፍ አበባ ዘይት። ሺያ በነገራችን ላይ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ጋምቤላ ውስጥም ይበቅላል። ያልተጣራው ሽታውም ዝቃጩም ስላለ ለጊዜው የተጣራውን ምረጪ። ልጁ የለውዝ ዓይነት አለርጂ ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። ሺያውን በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ባስቀመጥሽው ሳህን በዝግታ አቅልጪው። ከእሳት አውርደሽ ዘይቱን ጨምሪና አማስይ። ተቀቅሎ በደንብ በደረቀ ማሰሮ ገልብጪና ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ አሸዋ አሸዋ ይላል። ንብ ሰም መጨመር ደስ ይላል፤ ግን እሱም የቀፎው ሙጫ ሊኖርበት ስለሚችል ለመጀመሪያው ማሰሮ ይቅር። ቀኑን ጻፊበት። በጣት ሳይሆን በንጹሕ ደረቅ ማንኪያ እየጨለፍሽ ተጠቀሚ። የከረመ ዘይት ሽታ ካመጣ አትሳሺለት፤ ጣይው።

ሙሉ ሰውነቱን ከመቀባትሽ በፊት፣ ቁስል በሌለበት በክንዱ ውስጠኛ ክፍል የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ቀቢው። አንድ ቀን አይበቃም፤ አለርጂ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ካሳከከው ወይም ከሻከረ ያ ቅባት ለእሱ አይደለም። በዚያ ሳምንት ሌላ አዲስ ነገር፣ ሳሙናም ይሁን ኦሞ፣ አትቀይሪ። አለዚያ ማን እንደበደለው አታውቂም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ ሃይድሮኮርቲሶኑ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በትክክል የፈራሽው ምንድነው? ቆዳው መሳሳቱን? እድገቱን? ወይስ «አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» የሚለውን? ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አልልም። ኃይለኛ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ፊትና እጥፋት ላይ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ ግን ከደካሞቹ ነው፤ ሐኪም ባዘዘው ቀን ልክ ሲቀባ ያ ጉዳት አያሰጋም። ልኩ እንዲህ ነው፦ ከቱቦው ወጥቶ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት የሚደርሰው ክሬም የሁለት አዋቂ መዳፍ ስፋት ላለው ቁስል ይበቃል። አንቺ ደህና ሲመስል ቶሎ አቆምሽው፤ እሳቱ ግን ገና ሳይጠፋ ነበር። ተመልሶ መምጣቱ መድኃኒቱ ሱስ ስላስያዘው አይደለም። ሌላም ልንገርሽ። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ችፌው ከዳነ በኋላ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ብዙ እናቶች «ክሬሙ አነጣው» ብለው ይደነግጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የበሽታው ጠባሳ ነው፤ ይጠፋል።

ቫዝሊንም ሆነ ያንቺ ሺያ ቆዳውን ይጠብቁታል፤ የተነሳውን ቁጣ ግን አያበርዱም። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። ስለዚህ እባክሽ ተመልሰሽ ሐኪሙን አግኚው። «ፈርቼ አቁሜው ነበር» በዪው፤ አታፍሪ፤ በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ስለ አማትሽ። «ማሳከኩ ይብስበታል» ያልሽው ግምት አልመሰለኝም። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ትራፊ አለ፤ ያልፈላ ወተት ቅቤ ከሆነ ደግሞ ጀርምም አለ። ልጁ ወተት ጠጥቶ የማይቆጣ ከሆነ የአለርጂው ስጋት ያነሰ ነው፤ የጀርሙ ስጋት ግን አይቀንስም። እሳቸው ልጆቻቸውን በቅቤ አሳድገዋል፤ እውነታቸውን ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ ጎጂ ላይሆን ይችላል። ይህ ልጅ ግን ቆዳው ታሟል። ክርክሩን አንቺና እሳቸው መሐል አታድርጊው። ወደ ሐኪሙ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ። «ልጁን ይዘው የሚውሉት እርስዎ ነዎትና አብረን እንስማ» በያቸው። ለእሳቸውም ክብር ነው። የሰሙት ከምራት ሳይሆን ከሐኪም ይሆናል። ከዚያ የቀኑን መቀባት ለእሳቸው ስጪ። የእሳቸው እጅ ቀስ ብሎ የሚያሽ እጅ ነው፤ ልጁ የሚወደውም እሱን ሊሆን ይችላል። ቅቤው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሥራ አያጣም።

እስከዚያው እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ስንዴውን ከምግቡ እየቀነስሽ አትሞክሪ። ምግብ በልቶ ወዲያው ሽፍ የሚልበት ወይም የሚያብጥ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ሳይታዘዝ ማስቀረት ግን ልጁን ሊያቀጭጨው ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄ አለኝ። ቫዝሊንም ሺያም የነካው ልብስና አንሶላ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ማጠብም ሙሉ ለሙሉ አያስለቅቀውም። ከከሰሉ ምድጃ፣ ከሻማና ከጧፍ አርቁት። ሁለተኛው፣ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጁን እንዳይስመው። ያ ቫይረስ የችፌ ቆዳ ላይ ሲገባ በፍጥነት ይሰራጫል። ቆዳው ላይ አንድ ዓይነት ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ወይም የተበሳ የሚመስሉ ቁስሎች ተሰባስበው ካየሽ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሕመሙ ከወትሮው ከበረታ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ቢጫ ቅርፊት ከሠራ ወይም መግል ከያዘም በዚያው ቀን ይታይ።

ወደ ሐኪሙ የምትሄጂ ዕለት እስካሁን የቀባሽውን ሁሉ፣ ቱቦውንም፣ የዘይት ጠርሙሶቹንም፣ የቅቤውን ዕቃም በከረጢት ያዢ። ባዶ የሆነውንም አትተዪ፤ ሐኪሙ ስሙን ከላዩ ላይ ያነበዋል። ሁለት ጥያቄም ጻፊና ያዢ፦ «ሲነሳበት በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ልቀባ?» እና «ደህና ሲሆን ወዲያው ላቁም ወይስ በሳምንት ጥቂት ቀን ልቀጥል?» መልሱን እዚያው ያስጽፉልሽ፤ አማትሽም ባለቤትሽም እንዲያዩት ማድቤት ግድግዳ ላይ ለጥፊው።